የፎቶው ሸረሪት ሌላ፣ የጽሑፉ ሸረሪት ሌላ

ለዋና አዘጋጁ

ጤና ይስጥልን። በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ትንኝ አዳኟ ሸረሪት ያወጣችሁት ጽሑፍ ፍሬ ነገሩ ትክክል ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ፣ በኬንያና በኡጋንዳ፣ ደም የጠጣች የወባ ትንኝ መርጣ የምትበላ ዘላይ ሸረሪት አለች፤ ስሟም ኢቫርቻ ኩሊሲቮራ ነው። የተሳሳቱት ሁለት ነገሮች ናቸው። ከጽሑፉ ጋር የታተመው ፎቶ የእሷ አይደለም። በመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ በየቤታችን ግድግዳ ላይ የምናያቸው ዘላይ ሸረሪቶች «የዚሁ ወገን ስለሆኑ» ያንኑ ሥራ ይሠራሉ ተብሏል፤ ይህም ልክ አይደለም። የፎቶው ስህተት በአንድ መስመር እርማት ያልቃል። ሁለተኛው ግን የሸረሪቶች ዝምድና በምን እንደሚታወቅ ካለማጤን የመጣ ስለሆነ ሰፋ አድርገን ልንጽፍበት ወደድን። መጨረሻ ላይ ከምንጠቅሰው አዋጅ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያተማችሁት ሸረሪት ወንድ ፕሌክሲፐስ ፔይኩሊ ነው። በጥቁር ገላው ላይ ከራሱ እስከ ሆዱ መሐል ለመሐል የሚወርድ ሰፊ ነጭ መስመር፣ ግራና ቀኝ ሌሎች ነጭ መስመሮች፣ በሆዱ የኋላ ጫፍ አጠገብም ጥንድ ነጭ ነጠብጣቦች አሉት። ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የዚህ ዝርያ ሴት ቡናማ ናት፤ መሐሏ ላይ ያለው መስመርም የደበዘዘ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ናቸው ብሎ ለማመን ይቸገራል። ኢቫርቻ ኩሊሲቮራ ደግሞ የዚህን ግማሽ ያህል ብትሆን ነው። ገላዋ ደብዛዛ ሲሆን ወንዱም ሴቷም ከፊት ዓይኖቻቸው በታች ቀይ ፊት አላቸው። እንግዲህ ከላይ ብቻ የተነሳ ፎቶ ዋናውን ምልክት እንኳ አያሳይም ማለት ነው።

ኢቫርቻ ኩሊሲቮራን በ2003 ለሳይንስ ያስተዋወቁት ፖላንዳዊቷ ዋንዳ ቬሶሎቭስካና የኒውዚላንዱ ሮበርት ጃክሰን ናቸው። የሸረሪቷ መንጋጋ የሰውን ወይም የከብትን ቆዳ በስቶ ደም መምጠጥ አይችልም፤ ስለዚህ ደሙን የምታገኘው ትንኟን በመብላት ነው። ደም የጠጣችውን ትንኝ በማየትም በማሽተትም ትለያለች፤ ገና ትንሽ ሳለች እንኳ የወባ ትንኟን አኖፊሊስን ከሌሎች ትንኞች የምትለየው ትንኟ ሆዷን ወደ ላይ ቀስራ በምታርፍበት አቀማመጥ ነው። ሰው ተጫምቶት የዋለ ካልሲ ሽታ እንደሚስባትም በሙከራ ታይቷል። እንደ የወፍ ቆሎና እንደ ጉሎ ያሉ ዕፅዋትን ትወዳለች፣ የአበባ ማርም ትቀስማለች። ይህ ሁሉ የአንዲት ዝርያ ጠባይ ነው። የኢቫርቻ ወገን (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚይዘው ምድብ) በሙሉ እንዲህ ያደርጋል ማለት አይቻልም፤ ዘላይ ሸረሪቶች ሁሉ ያደርጋሉ ማለትማ ጭራሽ አይሆንም።

ይህን ያህል ልዩነት እያለ «ዘመድ ናቸው» የሚለው አባባል ከየት መጣ? እውነት አለበት፤ ችግሩ መጠኑ ነው። ፕሌክሲፐስና ኢቫርቻ ሁለቱም ፕሌክሲፒኒ በሚባለው ነገድ (በርካታ ወገኖችን በሚይዝ ምድብ) ውስጥ ናቸው፤ ስለዚህ ፎቶው ላይ የወጣው ሸረሪት በነገድ ደረጃ ይዛመዳታል። ይሁን እንጂ ፕሌክሲፐስ ያገኘውን በሊታ ነው፤ ዝንብ፣ የእሳት እራት፣ ትንሽ በረሮ፣ ሌላ ሸረሪት አይመርጥም። በሞቃት አገሮች ከሰው ቤት የማይጠፉት ሌሎቹ ሁለት ዘላይ ሸረሪቶች ደግሞ ከዚህም የራቁ ናቸው። ጠፍጣፋው ግራጫ ሜኔሜረስ ቢቪታተስ ከክሪሲሊኒ ነገድ ነው። ወንዱ ላይ ነጭ ቀስተ ደመና የመሰለ መስመር ያለው ሃሳሪየስ አዳንሶኒ ደግሞ ከሃሳሪኒ ነገድ። ሦስቱ አንድ ግድግዳ ላይ ቢውሉም የሦስት ነገድ ልጆች ናቸው፤ የጋራ ቅድመ አያታቸውን ለማግኘት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የሚያመሳስላቸው መኖሪያቸው ነው፤ መኖሪያ ደግሞ የዝምድና ማስረጃ አይሆንም።

ዘላይ ሸረሪት መሆኗን ለማወቅ ግን ፎቶ ይበቃል። ሳልቲሲዴ የተባለው ቤተሰብ መለያው ፊት ለፊት የተደቀኑት ሁለት ትላልቅ ዓይኖች ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ኋላ ረጅም ቱቦ አለ፤ በቱቦው ጫፍ ሬቲናው (ብርሃን ተቀባዩ የዓይን ክፍል) አራት ደርብ ሆኖ ተነጥፏል፣ ስድስት ትናንሽ ጡንቻዎችም ያዞሩታል። ሸረሪቷ ሳትነቃነቅ ቆማ የዓይኗ ቀለም አንዴ ሲጠቁር አንዴ ሲነጣ የሚታየው በውስጥ ሬቲናው ስለሚንቀሳቀስ ነው። የተቀሩት ስድስት ዓይኖች በዋነኛነት እንቅስቃሴን ይቆጣጠራሉ። በእግሯ ጫፍ ሁለት ጥፍርና በመስታወት ላይ ሳይቀር የሚያስሄዳት የጸጉር ጉንጉን አለ። ሐር ትፈትላለች፤ ስትዘል የሚይዛት ክርና የምታድርበት ከረጢት ከዚያ ይሠራል። የማደኛ ድር ግን በአብዛኛው አትዘረጋም፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት አባቶች ይህችን አላሰቡም። ለመዝገቡ ያህል፣ ሸረሪት ስምንት እግር ያላት፣ አካሏም ለሁለት የተከፈለ ስለሆነች ጽሑፋችሁ ሁለት ጊዜ እንዳለው «ነፍሳት» አይደለችም።

እስካሁን ስም የወጣላቸው ዘላይ ሸረሪቶች ከ6,000 በላይ ሲሆኑ ከ600 በላይ በሆኑ ወገኖች ተመድበዋል። ከሸረሪት ቤተሰቦች መካከል በዝርያ ብዛት የሚስተካከላቸው የለም። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡን በዓይን መለየት ይቻላል፤ ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ነገድ፣ ወደ ወገን፣ ወደ ዝርያ በወረድን ቁጥር መልክ እያታለለ ይሄዳል።

የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንትም የያዙት መልክን ነበር። ስዊድናዊው ካርል ክለርክ በ1757 ግድግዳ ላይ የምትሄደውን ባለ ነጭና ጥቁር መስመር የአውሮፓ ሸረሪት ስም ሲያወጣላት ከሌሎች ሸረሪቶች ጋር በአንድ ወገን አስቀምጧት ነበር፤ ዛሬ ሳልቲከስ ሴኒከስ የምትባለው እሷ ናት። ፈረንሳዊው ዩጂን ሲሞን በ1901 እና በ1903 ባሳተማቸው ክፍሎች ቤተሰቡን በሙሉ ሲከልስ የተሻለ መለያ ፈለገና ጥርስ ቆጠረ። የሸረሪት መንጋጋ የመርዝ ጥፍሩ የሚታጠፍበት ቦይ አለው፤ በቦዩ የኋላ ጠርዝ ላይ አንድ ጥርስ ያላቸውን፣ ጥርሳቸው ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀውን፣ ብዙ ጥርስ ያላቸውን ብሎ ለሦስት ከፈላቸው። በዘመኑ ከነበረው ሁሉ ይህ የተሻለ ነበር፤ ጥርስ በማጉያ መነጽር በቀላሉ ይታያልና ለረጅም ጊዜም አገለገለ። ዛሬም ናሙና ስንለይ ጥርስ እናያለን። ሆኖም ስንጥቅ ጥርስ በተለያዩ ቅርንጫፎች ላይ በየራሱ ጊዜ እንደበቀለ ስለሚታወቅ ብቻውን ዘመድ አያደርግም።

ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው የሊሶማኒኔ ጉዳይ ነው። ከአብዛኞቹ ዘላይ ሸረሪቶች የተለዩ፣ እግረ ረጃጅም፣ ገላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሐመር አረንጓዴ ወይም ቢጫ የሆኑ፣ በቅጠል ሥር የሚኖሩ ሸረሪቶች አሉ። የሌሎቹ ዓይኖች በሦስት ረድፍ ሲቀመጡ የእነዚህ በአራት ረድፍ ነው፤ ሁለተኛዎቹ የፊት ዓይኖች ከትላልቆቹ ጎን መቆማቸው ቀርቶ ከኋላቸው ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ሊሶማኔስ በአሜሪካ፣ አሴሞኒያ በአፍሪካና በእስያ፣ ኦኖማስተስ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ይገኛሉ። ማንም ቢሆን አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህልም በአንድ ንዑስ ቤተሰብ ሥር ኖረዋል። የዲ.ኤን.ኤ ቅደም ተከተላቸው ሲነበብ ግን የአንድ እናት ልጆች አልሆኑም። ሦስቱ ከቤተሰቡ ግንድ በየራሳቸው የተገነጠሉ ጥንታዊ ቅርንጫፎች ሆነው ተገኙ፤ በ2015 በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ዌይን ማዲሰን ባወጣው ምደባም ሦስት የተለያዩ ንዑስ ቤተሰቦች ሆኑ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አንድ መለያ በሁለት ቡድን ላይ ከታየ፣ ከጥንት ቅድመ አያት ተወርሶ ሌሎቹ ያጡት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሁለቱም በቅጠል ሥር ሲኖሩ በየራሳቸው ያፈሩት ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ሁኔታ ልዩ ዝምድናን አያሳይም። ዝምድናን የሚያሳየው አዲስ ሆኖ የተፈጠረና ለዚያ ቅርንጫፍ ብቻ የወረደ ለውጥ ነው።

በዚያው ምደባ ሰባት ንዑስ ቤተሰቦች አሉ፦ ኦኖማስቲኔ፣ አሴሞኒኔ፣ ሊሶማኒኔ፣ ስፓርቴይኔ፣ ዩፖይኔ፣ ሂስፖኒኔ እና ሳልቲሲኔ። ቁጥሩ እኩል የተከፋፈለ እንዳይመስል፤ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝርያዎች ያሉት በመጨረሻው፣ በሳልቲሲኔ ውስጥ ነው። ሌሎቹ ስድስቱ ጥቂት ዝርያ የቀራቸው የድሮ ቅርንጫፎች ናቸው። ከነዚህ ታዋቂዋ በስፓርቴይኔ ያለችው ፖርሺያ ናት፤ የሌላ ሸረሪት ድር ላይ ወጥታ ክሩን እየነካካች ባለቤቷን አታላ የምትበላ። በፖርሺያ ላይ ከኋላ ካሉት ዓይኖች መካከለኞቹ ጥንድ ተለቅ ብለው ይታያሉ፤ በሳልቲሲኔ ግን እነዚያው ዓይኖች አንሰው ነጥብ ያክላሉ። ሳልቲሲኔዎች ያጡት ሌላም አለ፤ በሴቷ ፓልፕ (ከአፏ አጠገብ ባለው አጭር መዳሰሻ) ጫፍ ያለው ጥፍርና በወንዱ የመራቢያ አካል ላይ መካከለኛው ተቀጥላ ጠፍተዋል። ሂስፖኒኔዎች፣ ዛሬ በተለይ በማዳጋስካርና በአፍሪካ የሚኖሩት፣ ለሳልቲሲኔ የቅርብ እህት ናቸው። ዘመዶቻቸው ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የባልቲክ ባሕር ዳርቻ እንብር (ሙጫው ደርቆ ድንጋይ የሆነ) ውስጥ ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚኖሩበት ቦታ የተወለዱበት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሳልቲሲኔ ውስጥ የሚታየው ሥርዓት መልክአ ምድራዊ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። አሚኮይዳ የሚባለው ትልቅ ቅርንጫፍ በዋነኛነት የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ነው። ማርፒሶይዳም የበዛው በአሜሪካ ነው። አስቲዮይዳ የአውስትራሊያና የአካባቢዋ ነው። የአፍሪካ፣ የአውሮፓና የእስያ ሸረሪቶች በብዛት የሚገኙት ሳልታፍሬዢያ በተባለው ቅርንጫፍ ነው፤ ከላይ የጠራናቸው ሦስቱ ነገዶችም እዚህ ይገባሉ። ማዲሰንና ማርሻል ሄዲን በ2003 በጂን ቅደም ተከተል ላይ ተመሥርተው ባወጡት ጥናት ይህ መታየት ጀመረ፤ በ2012 የወጣው የዕድሜ ስሌት ደግሞ አብዛኛው መስፋፋት ከ50 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ፣ አህጉሮቹ ከተለያዩ በኋላ መሆኑን አመለከተ። ስለዚህ በየአህጉሩ ገላ ጠፍጣፋ የዛፍ ቅርፊት ኗሪ፣ ክብ የመሬት ኗሪ፣ ረጅም የሣር ኗሪ እንደ አዲስ ተፈጥሯል። የአሜሪካው ጠፍጣፋ የአፍሪካውን ጠፍጣፋ ቢመስልም የሚቀርበው ለአገሩ ክብ ሸረሪት ነው። ለየት የሚሉም አሉ፤ ሲቲሲኒ የተባለው ነገድ አሚኮይዳ ሆኖ ሳለ ከአሜሪካ ወጥቶ በአውሮፓና በእስያ ተስፋፍቷል።

ጉንዳን መምሰልም እንደዚሁ ነው። በአገራችን ዛፎች ላይ የፊት እግሯን እንደ ጉንዳን አንቴና አንስታ የምትሄድ ሸረሪት ያየ ካለ ምናልባት ከሚርማራክኔ ወገን ናት፤ እሷ ከአስቲዮይዳ ጋር ትመደባለች። የሜዲትራኒያን አካባቢዋ ሌፕቶርኬስቴስ ጉንዳን ትመስላለች፤ ቅርንጫፏ ግን ሌላ ነው። የአሜሪካዎቹ ሲኔሞሲናና ፔክሃሚያም እንዲሁ፤ እርስ በርሳቸው እንኳ የቅርብ ዘመድ አይደሉም። ወገቡን ማቅጠን ለሸረሪት ደጋግሞ የተከፈተ በር ነው። ወደ ትንኙ ጉዳይ ስንመለስ ማስረጃው ይበልጥ ይጠነክራል። በማሌዥያ በቀርከሃ ግንድ ውስጥ የምትኖር፣ ትንኝንና የትንኝ እጭን መርጣ የምትበላ ፓራሲርባ ዋንሌሲ የምትባል ዘላይ ሸረሪት አለች። ይህች ከስፓርቴይኔ ናት፤ የቪክቶሪያ ሐይቋ ደግሞ ከሳልቲሲኔ። ትንኝ መርጦ መብላት በሁለት በጣም በተራራቁ ቅርንጫፎች በየራሱ መጣ፤ በሁለቱ መካከል ያሉት በሺህ የሚቆጠሩ ዝርያዎች ግን ይህ ጠባይ የላቸውም። ከጠባይ ተነስቶ ዝምድናን፣ ከዝምድና ተነስቶም ጠባይን መተንበይ የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

በባለሙያዎችም መካከል ክርክር መኖሩን መደበቅ አያስፈልግም። ዘመኑን በሙሉ የዘላይ ሸረሪቶችን የመራቢያ አካል በመሳል ያሳለፈው ፖላንዳዊው የርዚ ፕሩሺንስኪ በ2017 የራሱን «ተግባራዊ» ምደባ አቀረበ፤ ለመለየት የሚመቹ፣ የሚመሳሰሉ ወገኖች አንድ ላይ ይቀመጡ፣ የዝግመተ ለውጥ ዝምድና ግዴታ አይሁን የሚል። በ2019 በርካታ የሸረሪት ተመራማሪዎች በጋራ ተቃወሙት። የእኛ አቋም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነው። የፕሩሺንስኪ ሥዕሎች ባይኖሩ ግማሹን ናሙናችንን መለየት ባልቻልን ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ለመፈለግ የሚመች ማውጫና የዘር ሐረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ማውጫውን ምደባ ብለን ከጠራነው ነገ አንድ ጋዜጣ «አንድ ወገን ናቸው፣ ስለዚህ አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው» ቢል የሚመልስለት አይኖርም።

ዲ.ኤን.ኤም ብቻውን ዳኛ አይደለም። ብዙ ቤተ ሙከራዎች ለፍጥነት የሚያነቡት ሲ.ኦ.አይ የተባለውን የሚቶኮንድሪያ (ከኒውክሊየስ ውጭ የራሱ ዲ.ኤን.ኤ ያለው የሕዋስ ክፍል) ጂን፣ 658 ፊደል የሚሆን ቁራጭ ነው። ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው ከነበረ ሚቶኮንድሪያው ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል፤ ያኔ ጂኑ የሚናገረው የተዳቀሉበትን ታሪክ እንጂ የዝርያውን አይሆንም። ከ100 በላይ ዝርያ ባለው የሰሜን አሜሪካው ሃብሮናተስ ወገን ውስጥ በዝርያዎች መካከል ጂን መሻገሩን በ2018 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ከኒውክሊየስም፣ ከሚቶኮንድሪያም፣ ከብዙ ቦታ የተወሰዱ ጂኖች ተነጻጽረው ከአካል መለያዎች ጋር መገጣጠም አለባቸው። ሲገጣጠሙ ደስ ይላል፤ የዩኦፍሪኒ ነገድ ወንዶች የዘር ማስተላለፊያ መርፌያቸው ጫፉ ላይ እንደ ሞላ ሽቦ የተጠመጠመ ነው፤ በዚህ መለያ የተሰበሰበው ቡድን በዲ.ኤን.ኤም ጸንቷል። ዝነኞቹ የአውስትራሊያ ማራተስ፣ ሆዳቸውን እንደ ጣዎስ ላባ የሚዘረጉት፣ ከዚህ ነገድ ናቸው።

አሁን ወደ ሥራው። ስለ ኢትዮጵያ ዘላይ ሸረሪቶች በ2008 ቬሶሎቭስካና ቤያታ ቶማሼቪች ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ አዳዲስ ዝርያዎችም ስም አግኝተዋል፤ ኒጎሬላ ኤቲዮፒካ አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ የሚጨመር እንዲኖር አንባቢዎቻችሁ፣ በተለይ የባዮሎጂ መምህራንና ተማሪዎች፣ የሚልኩት ነገር ለመለያ የሚበቃ መሆን አለበት። ፎቶ ከሆነ አራት ይሁን፦ ከላይ፣ ከጎን፣ ከሥር (ሸረሪቷን ግልጽ ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊት ለፊት፣ ዓይኖቿ ሁሉ እንዲታዩ። ከጎኗ ሚሊ ሜትር ያለው ማስመሪያ ይቀመጥ። ቀለም የሚታየው በሕይወት ሳለች ነው፤ አልኮል ውስጥ ከገባች በኋላ ቀዩና ቢጫው ስለሚለቅ የነበረችበትን ቀለም ማወቅ አይቻልም።

ፎቶው ጥሩ ከሆነ ነገዱን፣ አንዳንዴም ወገኑን እንነግራችኋለን። ዝርያ የሚወሰነው ግን በማይክሮስኮፕ ሥር በመራቢያ አካል ነው፤ ለዚህም ሸረሪቷ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን የደረሰች መሆን አለባት። ጫጩት ሸረሪት በአካሏ አይለይም፤ ወገኗን መገመት ብቻ ነው። ወንዱ የደረሰ መሆኑ የሚታወቀው ከአፉ አጠገብ ያሉት ሁለት አጫጭር መዳሰሻዎች፣ ፓልፕ የሚባሉት፣ ጫፋቸው ሲያብጥና በሥሩ በኩል ጠንካራ ቡናማ ክፍሎችና ቀጭን መርፌ ሲታዩበት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ቆዳ መግፈፍ የቀረው ወንድ ፓልፑ ያበጠ ነው፣ ነገር ግን እብጠቱ ልሙጥ ነው፣ ምንም ክፍል አይታይበትም። እንዲህ ያለውን በብልቃጥ አቆይቶ ትናንሽ ዝንብ እየመገቡ እስኪገፍፍ መጠበቅ ይሻላል። የደረሰች ሴት በሆዷ ሥር፣ ወደ ፊት በኩል፣ ጠቆር ያለ ጠንካራ ሰሌዳ ይታይባታል።

አሰባሰቡ እንደ መኖሪያው ይለያያል። ለቁጥቋጦና ለዛፍ ቅርንጫፍ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ነጭ ጨርቅ ከሥር ዘርግቶ ቅርንጫፉን በዱላ ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል መምታት፤ ቀስ እያሉ መነቅነቅ ሸረሪቷ ክሯን አስራ እንድትንጠለጠል ጊዜ ይሰጣታል። ለሣር የሚጠረግ መረብ፤ ለመሬት ኗሪዎች ደግሞ አፉ ከመሬቱ ጋር እኩል ሆኖ የተቀበረ ኩባያ። ለግድግዳ ግን ብልቃጥ ከፊቷ ደቅኖ ከኋላዋ በጣት መምራት ይበቃል፤ ወደ ፊት ዘላ ራሷ ትገባለች።

አልኮሉ ለሁለት ሥራ ስለሆነ ሁለት ዓይነት ያስፈልጋል። ለአካል ጥናት ከ70 እስከ 80 በመቶ ጥሩ ነው። ለዲ.ኤን.ኤ 95 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ቢቻል ማቀዝቀዣ ውስጥ። ሙሉዋን ሸረሪት በ95 በመቶ ማስቀመጥ ገላዋን ስለሚያደርቀው እግሯና ፓልፑ ሲነኩ ይሰበራሉ፤ ስለዚህ ከአንድ ጎን ሁለት ወይም ሦስት እግር ቆርጦ ለብቻ በ95 በመቶ፣ ቀሪውን አካል በ75 በመቶ ማስቀመጡ ይሻላል። ፓልፑ አይነካ፤ በተለይ ሥዕል የሚሳለው ከግራው ስለሆነ ግራው። ብልቃጡ በሸረሪት አይጠቅጠቅ፤ ከአካላቸው የሚወጣው ውሃ አልኮሉን ያቀጥነውና በሳምንት ውስጥ ይበሰብሳሉ። በማግስቱ አልኮሉን መቀየር ይህን ያስቀራል። በአንድ ብልቃጥ የሁለት ቦታ ሸረሪት ማደባለቅ ናሙናውን ከመጣል አይለይም።

የሴቷን ሰሌዳ ለማየት በቀጭን መርፌ ዙሪያውን ፈልፍሎ በማውጣት በ10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ውስጥ ማቆየት፤ ሥጋው ሲሟሟ ከውስጥ ያሉት ቱቦዎችና የዘር ማጠራቀሚያዎች ይታያሉ። ሲሞቅ በደቂቃዎች ይደርሳል፤ ሳይሞቅ ማደር ይበቃዋል። በየጊዜው እያዩ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ከቆየ በጣም ነጥቶ ስሱ ቱቦዎች ከዙሪያቸው አይለዩም። ከዚያ በውሃ አጥቦ በግሊሰሪን ላይ ማየት፣ ሲጨርሱም በትንሽ ቱቦ አድርጎ ወደ ባለቤቷ ብልቃጥ መመለስ። ወንድና ሴትን «አንድ ዝርያ ናቸው» ብሎ ማጣመር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንደ ፕሌክሲፐስ ወንዱና ሴቷ የማይመሳሰሉባቸው ብዙ ስለሆኑ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንዱ ጾታ ብቻ የታወቀ ዝርያ እጅግ በርካታ ነው፤ አንዳንዱም ሁለት ስም ይዞ ቆይቷል። አንድ ቦታ በአንድ ቀን መያዛቸው ፍንጭ ነው፤ ሲጣመሩ መያዛቸው የተሻለ ነው፤ ዲ.ኤን.ኤያቸው መመሳሰሉ ደግሞ ያጸናዋል።

በብልቃጡ ውስጥ፣ ከውጭ ሳይሆን ውስጥ፣ ወረቀት ይግባ፤ በእርሳስ የተጻፈ። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃልና ከጥቂት ወራት በኋላ ባዶ ወረቀት ይቀራል። ክልል፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ከስልክ የተነበበ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታ፣ ቀን (የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሮ)፣ ምን ላይ እንደተያዘች፣ የሰብሳቢው ስም። ከፍታውን አትዝለሉት፤ ከቆላ እስከ ውርጭ ባለበት አገር በአንድ ወረዳ ውስጥ ያሉ ሁለት ቦታዎች የተለያየ ዝርያ ሊይዙ ይችላሉ። በሂማላያ 6,700 ሜትር ላይ የተያዘች ዘላይ ሸረሪት እስካለች ድረስ የራስ ዳሽን ጫፍም ሳይታይ አይታለፍም።

ናሙና ወደ ውጭ አገር መላክ የሚያስብ ካለ፣ እግር ብቻም ቢሆን፣ የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን (ሀብቱን ማግኘትንና መጠቀምን) የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ፈቃዱ ከመሰብሰቡ በፊት ይጠየቅ፤ ከተሰበሰበ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ሥራውን ያጓትተዋል። ከአንድ ቦታ ብዙ ከተያዘ ደግሞ ከፊሉ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው የእንስሳት ሙዚየም ቢቀመጥ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ተመራማሪ ለማነጻጸር አውሮፓ ድረስ መጻፍ አይኖርበትም።

ከአክብሮት ጋር
የሸረሪት ጥናት ባለሙያዎች የሆኑ አንባቢዎቻችሁ